የሽያጭ ጫፍና የዕድሜ ግምት፤ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ኮንሶሎች የቀረበ ሒስ

አንድ አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ በዋለ ቍጥር «በጠቅላላው ስንት ይሸጥ ይሆን? ስንት ዓመትስ ይቈይ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የነጋዴም የተማሪም ልማድ ነው። ጥያቄው የቪዲዮ ጨዋታ ኮንሶልን የሚመለከት በሆነ ጊዜ ግን እንደ ተራ ወሬ የሚታለፍ አይደለም። ኮንሶል ብቻውን የሚያገለግል ዕቃ ስላልሆነ ጨዋታ የሚደርስለት፥ የሚሥልለትና የሚያቀናብርለት ብዙ ባለሙያ ይፈልጋል። አንድ ትልቅ ጨዋታ ለማዘጋጀት ሦስት፥ አራት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የጨዋታ ሠሪዎች ኩባንያ ዛሬ ሥራውን ሲጀምር፥ ጨዋታው በሚያልቅበት ጊዜ ኮንሶሉ በስንት ሰው ቤት እንደሚገኝ አስቀድሞ መገመት ግድ ይሆንበታል። ግምቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ የብዙ ሰዎች የዓመታት ድካም ሰሚ ያጣ ዘፈን ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይኸው ግምት የሚሠራበትን መንገድ ነው። ዓላማችን አዲስ ቀመር ማቅረብ አይደለም፤ በእጅ ያሉት ቀመሮች ምን ያህል ሸክም ሊችሉ እንደሚችሉ መመዘን ነው። ለምርመራችንም በይበልጥ ኒንቴንዶ የተባለውን የጃፓን ኩባንያ መርጠናል። ምክንያቱም ኩባንያው በየሦስት ወሩ የሽያጩን ቍጥር፥ በበጀት ዓመቱ መባቻም የሚመጣውን ዓመት ግምት በይፋ ስለሚያወጣ፥ የተባለውንና የሆነውን ጎን ለጎን አድርጎ ለማየት ይመቻል። የበጀት ዓመቱ ከአፕሪል 1 ቀን እስከ ማርች 31 ቀን ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። «ተሸጠ» ስንልም ኩባንያው ለነጋዴዎች ያስረከበውን ማለታችን እንደ ሆነ አንባቢ ልብ ይበልልን። በዚህ አቈጣጠር በሱቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው ዕቃና በገዢው ቤት ልጆች የሚሻሙበት ዕቃ አንድ ናቸው።

ምርመራውን ስንጀምር ከቀመሩ ጋራ ጠብ አልነበረንም፤ እንዲያውም ከወዳጆቹ ወገን ነበርን። አዲስ ነገር በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚስፋፋ ኤቨረት ሮጀርስ በ1962 ባወጣው መጽሐፍ ከተነተነው በኋላ፥ ፍራንክ ባስ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1969 ሐሳቡን በሒሳብ ቋንቋ አስቀመጠው። ባስ ገዢዎችን በሁለት ወገን አድርጎ ያያቸዋል። አንዱ ወገን ማንንም ሳይጠብቅ በራሱ ፍላጎት ተነሣሥቶ የሚገዛ ነው፤ ሁለተኛው ጎረቤቱ ሲገዛ አይቶ የሚከተል ነው። ከእነዚህ ከሁለቱና ከጠቅላላው ገበያ ስፋት ተነሥቶ ሽያጩ ቀስ ብሎ ሲወጣ፥ ጫፍ ሲደርስ፥ ከዚያም ሲወርድ የሚያሳይ መሥመር ይሥላል። በዚህ ቀመር ጫፉ የሚመጣው ከጠቅላላው ገበያ ግማሹ፥ ወይም ከግማሽ ጥቂት ያነሰው፥ በተሸጠ ጊዜ ነው። ባስ ራሱ የቀለም ቴሌቪዥንን ሽያጭ ለረዥም ጊዜ ለመገመት ተጠቅሞበታል። ከዚህም አንዲት አጭርና ለአፍ የምትጣፍጥ ደንብ ተወለደች፤ ጫፉን ፈልግ፥ እስከዚያ የተሸጠውን እጥፍ አድርግ፥ ጠቅላላውን ታገኛለህ የምትል ናት።

ደንቧን በመጀመሪያ የፈተንናት ዊ በተባለው ኮንሶል ላይ ነው። ዊ በኖቬምበር 2006 ገበያ ላይ ዋለ። እስከ ማርች 2007 ድረስ 5.84 ሚሊዮን፥ በሚከተለው ዓመት 18.61 ሚሊዮን፥ በማርች 2009 በተፈጸመው ዓመት ደግሞ 25.95 ሚሊዮን ተሸጠ። ከዚያ ወዲያ 20.53፥ 15.08፥ 9.84 እያለ ወረደ። እንግዲህ የጫፉ ዓመት ሲፈጸም ድምሩ 50.4 ሚሊዮን ነበር፤ እጥፉ 100.8 ሚሊዮን ይሆናል። ዊ እስከ መጨረሻው የተሸጠው 101.63 ሚሊዮን ነው። ይህን ባየን ጊዜ ደስታችን ከፍ ያለ ነበር፤ የዚህን ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅም የቀመሩን ምስጋና አድርገን ጽፈነው ነበር።

ነገር ግን ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፥ ረቂቁን ለማሳመር አንድ ጊዜ ደግመን ብናሰላው ነገሩ ተበላሸብን። የተራራ ጫፍ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው ማን ነው? የጫፉን ዓመት መካከል እንደ ጫፍ ብንወስድ፥ ይህም በሒሳብ ረገድ የተሻለው ነው፥ እስከዚያ የተሸጠው 37.4 ሚሊዮን፥ እጥፉም 75 ሚሊዮን ያህል ነው። ምልክታችንን በስድስት ወር ብቻ ብናዛውረው መልሳችን በ26 ሚሊዮን ተዛወረ ማለት ነው። መጀመሪያ ያገኘነው ትክክለኛ መልስ የቀመሩ እውቀት ሳይሆን የእኛ የምልክት አመራረጥ ዕድል ነበር።

ይህ በአንድ ኮንሶል ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይሆን በማለት የዚያኑ ኩባንያ ሌሎች ሁለት መሣሪያዎች ተመለከትን። ዲ ኤስ የተባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ጫፍ የደረሰው በማርች 2009 በተፈጸመው ዓመት በ31.18 ሚሊዮን ነው። ከዓመቱ በፊት 70.6 ሚሊዮን፥ ዓመቱ ሲፈጸም 101.78 ሚሊዮን ተሸጦ ነበር። ደንባችን ከዓመቱ መካከል ሲነሣ 172 ሚሊዮን፥ ከዓመቱ መጨረሻ ሲነሣ 203 ሚሊዮን ይላል። እውነቱ 154.02 ሚሊዮን ነው። ስዊች የተባለው ደግሞ ጫፉ በማርች 2021 የተፈጸመው ዓመት ሲሆን፥ ደንቡ ከመካከል 140 ሚሊዮን፥ ከመጨረሻ 169 ሚሊዮን ይሰጣል፤ ስዊች ግን በማርች 2025 መጨረሻ 152.12 ሚሊዮን ደርሶ ገና ይሸጥ ነበር። እንግዲህ አንድ ኩባንያ ከሠራቸው ከሦስቱ መካከል አንደኛው ከሁለቱም ግምት በላይ፥ ሁለተኛው ከሁለቱም በታች፥ ሦስተኛው በመካከል ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን በገበያ ቢገኝ ባለቤቱ የሚከሰስበት ይመስለናል።

ይህን ስንል ባስን ለመውቀስ አይደለም። ባስ የጻፈው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚገዛው ዕቃ ነው፤ ሁለተኛውን ግዢ በሒሳቡ አላስገባም። ስዊች ግን በ2017 ከወጣ በኋላ በሴፕቴምበር 2019 ላይት የተባለው ቀለል ያለ ዐይነት፥ በኦክቶበር 2021 ደግሞ የተሻለ መስተዋት ያለው ኦሌድ ወጥቶለታል። አባት የያዘውን ለልጁ ሰጥቶ አዲሱን ለራሱ ሲገዛ፥ ወይም በአንድ ቤት ሁለት ልጆች ሁለት መሣሪያ ሲይዙ፥ ቍጥሩ ይጨምራል እንጂ አዲስ ቤት አልተገኘም። የባስን መሥመር በዚህ ድምር ላይ ማንጠልጠል የተልባን መስፈሪያ ለማር እንደ መጠቀም ያለ ነው። ስሕተቱ የመስፈሪያው ሳይሆን የሰፋሪው ነው።

ሌላም ከዚህ የከፋ ችግር አለ፤ ጫፉ ጫፍ እንደ ሆነ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። በጃንዩዋሪ 2019 የሆነውን እናስታውስ። ስዊች በመጀመሪያው ሙሉ የበጀት ዓመት 15.05 ሚሊዮን ተሸጦ ስለ ነበር ኩባንያው ለሁለተኛው 20 ሚሊዮን ገምቶ ተነሣ፤ በጃንዩዋሪ ግን ግምቱን ወደ 17 ሚሊዮን ዝቅ አደረገ፥ ውጤቱም 16.95 ሚሊዮን ሆነ። በዚያን ጊዜ አንድ ተመልካች «መውጫው አልቋል፤ ጫፉ ይህ ነው» ቢል የሚቃወመው ማስረጃ አልነበረም። በማርች 2019 ድምሩ 34.74 ሚሊዮን ስለ ነበር በእጥፍ ደንብ ጠቅላላውን 69.5 ሚሊዮን ያደርገው ነበር። ይህም ኋላ ከሆነው ግማሽ እንኳ አይሞላም። በጣርማ በር ጉም ውስጥ የሚነዳ ሾፌር መንገዱ ጥቂት ዘንበል ባለ ቍጥር ቍልቍለቱ የተጀመረ ይመስለዋል፤ ጥቂት እንደ ሄደ ግን ዳገቱ እንደገና ይቀበለዋል።

ዳገቱ እንደገና የተቀበለውም ማንም መሥመር ሊሥለው በማይችል ምክንያት ነው። በማርች 20 ቀን 2020 አኒማል ክሮሲንግ የተባለው አዲስ ጨዋታ ወጣ፤ በዚያው ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት የብዙ አገር ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ደሴት ላይ ቤት እየሠሩ፥ ዓሣ እያጠመዱ፥ ጓደኛን በሩቅ እየጠየቁ የሚያሳልፉበት ጨዋታ ለዚያ ጊዜ ታስቦ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ተስማማ። ኩባንያው ለዓመቱ 19 ሚሊዮን ገምቶ ነበር፤ 28.83 ሚሊዮን ሸጠ። በሚከተለው ዓመት ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ክፍሎች እጥረት መጥቶ ግምቱን ወደ ታች ጎተተው። የመጀመሪያው የገዢው ፍላጎት ያለ ልክ መጨመር ነው፤ ሁለተኛው ገዢ ሞልቶ ሳለ ዕቃ መጥፋቱ ነው። የሽያጭ ቍጥር ግን ሁለቱን አይለይም፤ ሁለቱንም በአንድ መሥመር ላይ ነጥብ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል።

ከእጥፍ ደንብ ሌላ የተለመደው የግምት መንገድ ሁለት ኮንሶሎችን ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። አዲሱ በስድስተኛው ሳምንት ወይም በዐሥረኛው ወር ከቀድሞው በልጦ እንደ ሆነ በጠቅላላውም ይበልጣል ይባላል። መንገዱ ለተመልካች ግልጽ ስለ ሆነ ብዙ ወዳጅ አለው። ሆኖም ይህን መንገድ የሚከተል ሁሉ በመጀመሪያ ሁለት ቍጥሮች እንዲያይ እንለምነዋለን። ዊ በኖቬምበር 2006 ወጥቶ እስከዚያ ዓመት መጨረሻ 3.19 ሚሊዮን ተሸጠ። ተተኪው ዊ ዩ በኖቬምበር 2012 ወጥቶ እስከዚያ ዓመት መጨረሻ 3.06 ሚሊዮን ተሸጠ። በዚያን ጊዜ ሁለቱን የሚለያቸው ነገር በእጅ አይጨበጥም ነበር። ኋላ ግን አንዱ 101.63 ሚሊዮን፥ ሌላው 13.56 ሚሊዮን ሆኖ ቀረ።

በዊ ዩ ላይ የደረሰው በሚቀጥሉት ወሮች ታየ። ከጃንዩዋሪ እስከ ማርች 2013 የተሸጠው 390 ሺህ ብቻ ነው፤ ከአፕሪል እስከ ጁን ደግሞ 160 ሺህ። የመጀመሪያዎቹ 3 ሚሊዮን ገዢዎች የኩባንያው ታማኞች ነበሩ፤ የወጣውን ሁሉ የሚገዙ ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ሕዝብ ግን ብዙው መሣሪያው አዲስ ኮንሶል ይሁን ወይም ለአሮጌው ዊ የተጨመረ ዕቃ ይሁን እንኳ አልለየም ነበር፤ ይህንንም የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ ራሳቸው በ2013 አምነዋል። የስም አወጣጥ ነገር በየትኛው ቀመር ውስጥ ይገባል? እኛ አላገኘነውም።

ጉዳቱ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ራይማን ሌጀንድስ የተባለውን ጨዋታ ለዊ ዩ ብቻ ብሎ አዘጋጅቶ፥ በፌብሩዋሪ 2013 ሊያወጣው ቀን ከቈረጠ በኋላ፥ ቀኑ ጥቂት ሲቀረው ለሌሎች ኮንሶሎችም እንዲደርስ በማለት እስከ ሴፕቴምበር አዘገየው። ከነጋዴው ወገን ሆነን ብናየው ውሳኔው የሚያስወቅስ አይደለም፤ ገበያው ጠፍቷልና። ጨዋታውን ጨርሰው የመውጫውን ቀን ይጠባበቁ የነበሩትን ሠራተኞች ብናስብ ግን የአንድ ግምት ስሕተት በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ይገባናል።

እስካሁን የተቸነው በውጭ ሆኖ የሚገምተውን ነው። አሁን ደግሞ በውስጥ ያለውን እንመልከት፤ የዚህ ጥናት ዋናው ማስረጃ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ኒንቴንዶ የትኛው ጨዋታ በየትኛው ወር እንደሚወጣ፥ ስንት መሣሪያ በፋብሪካ እንደ ታዘዘ፥ ዋጋው ይቀነስ ወይም አይቀነስ እንደ ሆነ ከማንም በፊት ያውቃል። የሚገምተውም ለሚመጣው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ ሁኔታ ለገማች አይገኝም። ለስዊች በየዓመቱ መጀመሪያ የገመተውንና የሆነውን እነሆ በተራ እናቀርባለን፤ 10 ብሎ 15.05፥ 20 ብሎ 16.95፥ 18 ብሎ 21.03፥ 19 ብሎ 28.83፥ 25.5 ብሎ 23.06፥ 21 ብሎ 17.97፥ 15 ብሎ 15.70፥ 13.5 ብሎ 10.80 ሚሊዮን። እነዚህ ከማርች 2018 እስከ ማርች 2025 የተፈጸሙት ስምንት የበጀት ዓመታት ናቸው። ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች የተሳተውን ሁሉ ደምረን ለስምንቱ ዓመታት ብናካፍለው፥ በየዓመቱ 3.7 ሚሊዮን ያህል፥ ማለትም ከተገመተው አንድ አምስተኛ ያህል ስቷል። በዊ ዩ ላይ የነበረውማ ከዚህም የባሰ ነው፤ በማርች 2014 ለተፈጸመው ዓመት 9 ሚሊዮን ገምቶ የሸጠው 2.72 ሚሊዮን ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ የሚቃወመን ይመስለናል፥ ተቃውሞውም ንቀት የሚገባው አይደለም። የስዊችን ስምንት ግምቶች ብንደምር 142 ሚሊዮን፥ ውጤቶቹን ብንደምር 149.4 ሚሊዮን ይሆናል፤ ልዩነቱ ከመቶ አምስት ያህል ነው። «እንግዲህ በየዓመቱ የሚሳሳት ሰው በረዥሙ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱ እየተጣፋ ይሄዳል» ይለናል። ቍጥሩ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ስምንት ግምቶች በአንድ ቀን የተነገሩ አይደሉም። እያንዳንዱ የተነገረው ያለፈው ዓመት ውጤት ከታወቀ በኋላ ነው፤ ገማቹ በየዓመቱ መጀመሪያ ያለበትን አይቶ እንደገና ተነሥቷል። በየማለዳው መንገዱን የሚጠይቅ መንገደኛ ባሰበበት ቢደርስ፥ ከቤቱ ሲወጣ መንገዱን ሁሉ ያውቅ ነበር አይባልም። በአፕሪል 2017 ቀን ስምንቱንም ዓመታት በአንድ ጊዜ ይገምት ተብሎ ቢሆን፥ 10 ሚሊዮን ብሎ የጀመረ ሰው 150 ሚሊዮን ላይ ይደርስ ነበር ብለን አናምንም። በውስጥ ያለው ለአንድ ዓመት አንድ አምስተኛ ከሳተ፥ በውጭ ያለው ለሰባት ዓመት እስከ ሚሊዮኑ ድረስ ቈርጦ ሲናገር ምን እንበለው?

ስለ ዕድሜ የሚሰጠው ግምት ከሽያጩ የባሰ የተምታታ ነው፤ ምክንያቱም ገማቾቹ ዕድሜ ምን እንደ ሆነ አልተስማሙም። የሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን 3ን ባወጣ ጊዜ ዐሥር ዓመት ይኖራል ብሎ ነበር። በኖቬምበር 2006 ወጥቶ በጃፓን እስከ 2017 ስለ ተሸጠ በአንድ በኩል ቃሉ ተፈጽሟል፤ ተተኪው ፕሌይስቴሽን 4 ግን በሰባተኛው ዓመት በኖቬምበር 2013 ወጥቷል። ሰባት ነው ወይስ ዐሥር? ሦስተኛም አለ። የኒንቴንዶ 3ዲ ኤስና የዊ ዩ የመረብ ሱቅ በማርች 2023 ሽያጩን ዘጋ፤ በመረብ ተገናኝቶ መጫወትም በአፕሪል 2024 ቆመ። መሣሪያው በእጅ እያለ፥ መብራቱም እየበራ፥ ግማሽ አካሉ ሞተ። በብራዚል ደግሞ ቴክቶይ የተባለው ኩባንያ የሴጋን ማስተር ሲስተም በሌላው ዓለም ከተረሳ በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት ሲሸጠው ኖሯል። ተተኪ የመጣበትን ቀን፥ ፋብሪካው የቆመበትን ቀን፥ አገልግሎቱ የተዘጋበትን ቀን ሳይለዩ «ዕድሜው ይህን ያህል ነው» ማለት የክርክር ምንጭ ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ የኮንሶል ሞት እንደ ሰው ሞት ሳይጠሩት የሚመጣ አይደለም፤ ባለቤቱ የሚወስነው ነው። የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ በኖቬምበር 2021 ስዊች በዕድሜው አጋማሽ ላይ እንደሚገኝ ተናግረው ነበር። በዚያን ጊዜ መሣሪያው አራት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖት ነበር፤ ተተኪው ስዊች 2 የወጣው በጁን 5 ቀን 2025፥ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ሲሞላው ነው። ንግግሩ ከብዙ ገማቾች ይልቅ ለእውነት ቀርቧል፤ ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፥ የቀብሩን ቀን የሚቈርጡት ራሳቸው ናቸውና። በሽያጩ ረገድ ግን ያ ጊዜ አጋማሽ አልነበረም። በሴፕቴምበር 2021 መጨረሻ 92.87 ሚሊዮን ተሸጦ ስለ ነበር፥ የዘመኑ አጋማሽና የሽያጩ አጋማሽ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ጠቅላላው 185 ሚሊዮን በሆነ ነበር። ሁለቱን አጋማሾች ማምታታት በብዙ ጽሑፍ የምናየው ስሕተት ነው።

የዋጋን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 በአሜሪካ በ299 ዶላር ተጀምሮ በ2002 ወደ 199፥ በ2004 ወደ 149፥ በ2006 ወደ 129፥ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወረደ። በኖቬምበር 2005 ድምሩ 100 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ50 ሚሊዮን በላይ የተጨመረለት፥ በአብዛኛው ተተኪው ከወጣ በኋላ፥ ዋጋው ለድኻው እጅ ስለ ቀረበ ጭምር ነው። ዲቪዲ ማሳየቱም በጊዜው ረድቶታል። ከዚህ ታሪክ ተነሥተው «ኮንሶል ሲያረጅ ይረክሳል፥ ሲረክስም ሁለተኛ ገበያ ያገኛል» የሚል ሕግ ያወጡ ነበሩ። ዛሬ ግን ሕጉ ተገልብጧል። ስዊች በአሜሪካ ከ2017 ጀምሮ 299 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሆኖ ቈይቶ በኦገስት 2025 ዋጋው ወደ ላይ ወጣ፤ ፕሌይስቴሽን 5ም በዚያው ወር እንዲሁ ሆነ። ስለዚህ የፕሌይስቴሽን 2ን ረዥም ጅራት በዛሬዎቹ ላይ የሚቀጥል ሰው የዋጋውንም ታሪክ አብሮ መቀጠል አለበት፤ እርሱን ግን አያገኘውም።

በመካከሉ ስለ አገራችን አንድ ነገር ብናነሣ ከነገሩ የወጣን አይመስለንም። በአዲስ አበባ በየሰፈሩ በጨዋታ ሒሳብ እያስከፈሉ የሚያጫውቱትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች የማያውቅ ተማሪ የለም። በዘመድ እጅ ወይም በነጋዴ ሻንጣ የገባ አንድ መሣሪያ፥ መቈጣጠሪያው በፕላስተር ተጠግኖ፥ ማራገቢያው እየጮኸ፥ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ዓመታት ያገለግላል። በኩባንያው መዝገብ ይህ መሣሪያ አንድ ነው፤ የተቈጠረውም በሌላ አገር ነው። አንድ ቤት አንድ መሣሪያ ብሎ የሚነሣው ሒሳብ የእነዚህን ልጆች ቍጥርም የዚያን መሣሪያ ዕድሜም አያይም። የሽያጭ ብዛት የተጫዋች ብዛት አይደለም የሚለውን መማሪያ ከመጻሕፍት በፊት ከዚያ ቤት በር ላይ መማር ይቻል ነበር።

ረቂቁን ያነበበ አንድ ጓደኛችን «ሁሉን አፍርሳችኋል፤ ታዲያ ስዊች 2 ስንት ይሸጣል?» ሲል ጠየቀን። መሣሪያው በወጣ በአራት ቀን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ እስከ ሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ 10.36 ሚሊዮን ደርሷል፤ ኩባንያውም በማርች 2026 ለሚፈጸመው ዓመት የገመተውን 15 ሚሊዮን በኖቬምበር 2025 ወደ 19 ሚሊዮን ከፍ አድርጎታል። ከዚህ ተነሥተን ስለዚያ ዓመት መናገር እንችላለን፤ በዚያም ላይ የአንድ አምስተኛ ስሕተት እንዲቈጠርልን እንጠይቃለን። ከዚያ ወዲያ ስላለው የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ዋጋው ወደየት ይሄዳል? ከታማኞቹ ቀጥሎ የሚመጣው ሕዝብ ለመምጣቱ ምን ምልክት አለ? ተተኪውን የሚያወጣው ባለቤት መቼ ለማውጣት አስቧል? የመጨረሻውን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እርሱም አይናገርም። ጓደኛችን በዚህ አልረካም፤ ቍጥር ነበር የፈለገው። ከቍጥር ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የመሰለንን፥ 3.19 እና 3.06 የሚሉትን ሁለቱን፥ በወረቀት ጽፈን ሰጠነው።